ይዘሃል? ይዣለሁ!

በታኅሣሥ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር አፋፍ ላይ ለሚቆም የቀረጻ ቡድን መልካሙ ብርሃን ብዙ አይቆይለትም። ፀሐይ ከአፋር ቆላ በኩል ብቅ ትላለች፤ ገደሉ ይቀላል፤ ከታች ጉም መነሣት ይጀምራል። ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ ያሳለፉት ጭላዳዎች አንድ በአንድ ወደ ሜዳው እየወጡ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰፊው መልክዓ ምድር በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ተቀርጿል። አሁን አዘጋጁ የአውራውን ጭላዳ ፊትና ነፋስ የሚበትነውን ጎፈሩን በቅርብ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ሌንስ መቀየር አለበት። ነፋሱ አላቋረጠም፣ ጣት ደንዝዟል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ “ቶሎ! ቶሎ!” ይላል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያቺን ደቂቃ ለሚጠብቁ ወጣቶች ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሰርግና ምርቃት እየቀረጻችሁ አንድ ቀን ትልቅ ፊልም ላይ ለመሥራት ለምታስቡት፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አጭር ፊልም ለመሥራት ሦስት አራት ሆናችሁ ለተሰባሰባችሁት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ “የትኛውን ካሜራ ልግዛ?” የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከሱ የሚቀድም ሌላ አለ ብዬ ግን አምናለሁ። የሌላ ሰው ካሜራ፣ ሌንሱ ወልቆ፣ አፉ ተከፍቶ በእጃችሁ ቢገባ ምን ታደርጋላችሁ? ለዚህ መልስ ያለው ወጣት የራሱ ካሜራ ባይኖረውም ሥራ ላይ ይጠራል። መልሱ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ማንም፣ የትም፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሊለማመደው ይችላል። የሲኒማ ሙያ ውድ በሆነበት አገር ከዚህ የበለጠ የምሥራች አላውቅም።

ሌንስ ሲወልቅ ምን እንደሚሆን በደንብ ማወቅ የጥንቃቄው መጀመሪያ ነው። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ከፊቱ ስስ የመስታወት ማጣሪያ አለው። ሌንሱ በቦታው ሳለ ይህ ሁሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ሲወልቅ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ብናኝ ገብታ በዚያ መስታወት ላይ ታርፋለች። እንደ አሪ አሌክሳ ባለ ካሜራ እያንዳንዱ የብርሃን መቀበያ ነጥብ ስፋቱ ወደ 0.008 ሚሊሜትር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ስለሚደርስ አንዲት የቅንድብ ፀጉር ብቻዋን ብዙ ነጥቦችን ትጋርዳለች።

በፊልም ዘመን የነበሩት ረዳቶች ችግራቸው የተለየ ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲቀርጽ፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪም በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን “ድፍረት”ን በ35 ሚሊሜትር ሲሠራ፣ በሌንሱ በስተኋላ የሚያልፈው የፊልም ጥቅል ነበር። በየሰከንዱ 24 ጊዜ አዲስ ቁራጭ ይመጣል፤ አንዱ ላይ ያረፈች ብናኝ ከቁራጩ ጋር ታልፋለች። የሚፈራው ፊልሙ የሚያልፍበት መስኮት ጠርዝ ላይ ተሰንቅራ የምትቀር ፀጉር ነበረች። ስለዚህም በዓለም ሁሉ የካሜራ ረዳት አንድ ቀረጻ ባለቀ ቁጥር ያንን መስኮት በባትሪ ብርሃን የመፈተሽ ልማድ ነበረው። በዲጂታል ካሜራ ግን ሴንሰሩ አይለወጥም። ጠዋት ያረፈች ብናኝ ማንም ካላያት እስከ ማታ ትቆያለች፣ በእያንዳንዱ ቀረጻ ላይም አንድ ቦታ ላይ ትታያለች። ካሜራው ወደ ቀኝ ሲዞር ተራራው ይሄዳል፣ ጭላዳው ይሄዳል፣ ነጠብጣቧ ግን ሰማዩ ላይ ተተክላ ትቀራለች። የተመልካች ዓይን ደግሞ የማይንቀሳቀሰውን ነገር ፈጥኖ ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ብናኟ ሁልጊዜ የማትታይ መሆኗ ነው። የሌንሱ አይሪስ በሰፊው ሲከፈት፣ ለምሳሌ ኤፍ 2 ላይ፣ ጥላዋ ተበትኖ ይጠፋል። አይሪሱ ወደ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ሲጠብ ጥላዋ ጠርቶ ይወጣል። አሁን የሰሜን ሸዋን በጋ አስቡት። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ ብርሃኑ ስለሚበረታ የብርሃን መቀነሻ ማጣሪያ ያልያዘ ቡድን አይሪሱን ለማጥበብ ይገደዳል። ከላይ ያለው ሰማይ ደግሞ ሰፊና አንድ ወጥ ሰማያዊ ነው። ብናኝን ለማጋለጥ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ የለም። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ለወራት ሲሠራበት ችግር ያልታየበት ካሜራ አንኮበር ላይ ሲደርስ ጉዱ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ ወቅቱን ተመልከቱ። ለቀረጻ የምንመርጠው ጥርት ያለው ወቅት የገብስና የስንዴ መውቂያ ወቅት ነው። በየመንገዱ ዳር ያለው ውድማ ላይ ገበሬው በመንሽ ወደ ላይ ሲበትን ፍሬው ይወድቃል፣ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። ያ እብቅ የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ቆሞ ካሜራ መክፈት አይገባም። ገበሬው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገውን ግን ልብ በሉ፤ ቆም ይላል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያጤናል፣ አቋሙን ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ ነው መንሹን የሚያነሣው። ሌንስ የሚቀይር ሰውም የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው። ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ካሜራውን በሰውነቱ ይጋርደዋል።

የሰሜን ሸዋ ብርድ የራሱ ፈተና አለው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ መንዝ ደግሞ የበርኖስና የባና አገር ነው። ሲበርድ ሰው ጋቢውን አውልቆ ካሜራው ላይ ጣል ማድረጉ የደግነት ሥራ ይመስላል፣ ነፋሱንም በእርግጥ ይከለክላል። ነገር ግን ጥጥም ሱፍም ብናኝ ክር ያራግፋሉ፣ ክሩም ቀጥታ ወደ ክፍቱ ሴንሰር ይወርዳል። በርኖስ ለለበሰው ሰው ይሁን። ለካሜራው ክር የማያራግፍ የናይሎን የዝናብ ልብስ ወይም ንጹሕ ፕላስቲክ ያዙለት። የተሻለው መጠለያ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የአየር ማራገቢያው ጠፍቶ የቆመ መኪና ነው።

ሁለተኛው የብርድ ፈተና እርጥበት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድበት ያደረ ካሜራ ቡና ወደሚፈላበት ሞቅ ያለ ቤት በድንገት ሲገባ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠራል። ውጪው ቢደበዝዝ ይጠረጋል። በዚያ ሰዓት ሌንሱን ያወለቀ ሰው ግን እርጥቡን አየር እስከ ሴንሰሩ ያስገባዋል፤ ብናኝም እርጥብ መስታወት ላይ ካረፈች ትጣበቃለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካሜራውም ሌንሶቹም ውጭ ሳሉ በደንብ በሚዘጋ ፕላስቲክ ወይም በቦርሳቸው ይታሸጋሉ፣ ቤት ከገቡ በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ አንድ ሰዓት ያህል ሳይከፈቱ ይቀመጣሉ። ከአንኮበር ደጋ ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱም ያው ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተጉዛችሁ ቆላው ሙቀት ውስጥ እንደገባችሁ ቦርሳውን አትክፈቱ። በዚያ ሰዓት ቁርስ ብሉ፣ የቦታ ቅኝት አድርጉ፣ ከአገሩ ሰው ጋር ተጨዋወቱ። ጊዜው አይባክንም።

አሁን ወደ ቅያሪው እንምጣ። የሚገባውን ሌንስ ሳታዘጋጁ የሚወጣውን አትንኩ። አዲሱ ሌንስ ከሣጥኑ ወጥቶ፣ የኋላ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ የኋላ መስታወቱ በባትሪ ብርሃን ታይቶ፣ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ተነፍቶ፣ በረዳቱ እጅ ይጠብቃል። በአፍ “እፍ” ማለት ጭራሽ አይሞከርም፤ ምራቅ ይረጫልና። በቆርቆሮ የታሸገ አየርም ፈሳሽ ሊተፋ ይችላል። ከዚያ ከሌንሱ ፊት ያለው የብርሃን መከለያ፣ ማት ቦክሱ፣ ይነሣል፣ የፎከስ ሞተሩ ከጥርሱ ይላቀቃል። ካሜራው ይጠፋል። ሳይጠፋ ሌንስ መቀየር የሚቻልባቸው ካሜራዎች አሉ፤ ሆኖም ሌንሱ በኤሌክትሪክ ከካሜራው ጋር የሚነጋገር ከሆነ ማጥፋቱን እመርጣለሁ። ትራይፖዱ ይቆለፋል፤ የካሜራው አፍ ትንሽ ወደ መሬት ያዘነብላል። ብናኝ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ወደ ሰማይ የተከፈተ አፍ ይቀበለዋል፣ ወደ ታች ያዘነበለው ግን አይቀበለውም።

የሌንሱ መግጠሚያ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ከፎቶ ካሜራ የመጣችሁ ሁላችሁ የለመዳችሁት ቁልፍ ተጭኖ ሌንሱን ራሱን ማዞር ነው። የጀርመኑ አሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባስተዋወቀው ፒኤል በተባለው የሲኒማ መግጠሚያ ግን ሌንሱ አይዞርም። የሚዞረው በካሜራው ላይ ያለው ቀለበት ነው። አንዱ እጅ ሌንሱን ከሥር ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ቀለበቱን ያላላል፣ ሌንሱም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ጎድጓዳው ከካሜራው ፒን ጋር ይገጣጠማል፣ ሌንሱ ያለ ክፍተት ይቀመጣል፣ ቀለበቱ ይጠብቃል። ካልገባ አይገፋም፤ ይወጣል፣ ይታያል፣ እንደገና ይሞከራል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን? በፒኤል ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 52 ሚሊሜትር ነው፤ በካኖን ኢኤፍ 44፣ በሶኒ ኢ ደግሞ 18 ነው። ይህ ርቀት በሚሊሜትር መቶኛ ደረጃ የሚጠበቅ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ ሌንሱ ከቦታው ይርቃል፣ በሌንሱ ላይ የተጻፈው የፎከስ ቁጥርም ውሸት ይሆናል። በሰፊ ሌንሶች ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ መስታወቱን ብቻ ሳይሆን መቀመጫ ብረቱን ክር በማያራግፍ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ የአዋቂ ረዳት ምልክት ነው። የአፋፉን ገጽታ በሰፊ ሌንስ ስትቀርጹ ሩቁ ተራራ ለምን እንደደበዘዘ ሳይገባችሁ ከመዋል ያድናችኋል።

ከዚህ ሁሉ ግን የምወደው የቃል ልውውጡ ነው። ሌንስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪው “ይዘሃል?” ይላል፤ ተቀባዩ ክብደቱ በእጁ ላይ ሲያርፍ ብቻ “ይዣለሁ” ይላል። ሰጪው ያንን ቃል ሳይሰማ ጣቱን አይፈታም። ሌንሱ ቀላል ፕራይም ቢሆንም፣ 11 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የአንዠኒው 24-290 ዙም ቢሆንም ደንቡ አይለወጥም። ተቀባይዋ ሴት ብትሆን “ይዘሻል?” ነው፣ ባለሙያው አንጋፋ ከሆነ “ይዘዋል?” ነው፤ መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። አዛውንቱ ሲኒማቶግራፈርም ትናንት የመጣው ልጅም እኩል ይመልሳሉ። በዚያች ቅጽበት ማዕረግ የለም፤ የሚጠበቅ ዕቃና የሚተማመኑ ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ። በባህላችን ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል አክብሮት ነው፤ ስለዚህ ይህ ሥነ ሥርዓት ለእኛ ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባም። እንዲያውም በዚህ የዓለምን ቡድን ልንቀድም እንችላለን ብዬ አስባለሁ።

“የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” ይላሉ አበው። የወደቀ ሌንስ ግን ተለቅሞም አይሞላም። የሲኒማ ሌንሶች ውድ ስለሆኑ በአገራችን አብዛኛው ቡድን በቀን ሒሳብ ይከራያቸዋል፤ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ተከራዩ ነው። አከራይ ማንን አምኖ እንደሚሰጥ፣ ካሜራማን ማንን ይዞ ወደ ገጠር እንደሚወጣ አስቡ። ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚያወራውን ሳይሆን፣ ያለፈው ሥራ ላይ ክዳኖቹን በኪሱ ሳይሆን በሣጥኑ ቦታቸው የመለሰውን ልጅ ነው። የካሜራ ክፍሉ መሰላል ከታች ወደ ላይ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለተኛ ረዳት፣ የመጀመሪያ ረዳት፣ ካሜራ ኦፕሬተር፣ ሲኒማቶግራፈር። በመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ሌንስ ማቀበል ነው። እንደ ያሬድ ዘለቀ “ላምብ” በ2015 እ.ኤ.አ. የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ገብቶ የደጋችንን ተራሮች ለዓለም ያሳየ ፊልም ስታዩ፣ ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ ያለፈው በአጋጣሚ አይደለም። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል የሚያልፍ ሰዎች ጠብቀውታል። ያ ስም የእናንተ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ከልቤ።

ፍርሃት ለሚሰማችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እጅ መንቀጥቀጡ አለመቻል አይደለም፤ ነገሩ ዋጋ እንዳለው መረዳት ነው። ያን ስሜት ወደ ቅደም ተከተል ለውጡት። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ አዲሱ ሌንስ፣ ቀጥሎ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ማዘንበል። እጅ የሚቀጥለውን ነገር ካወቀ ይረጋጋል። የሚገርመው ደግሞ፣ ቅደም ተከተሉን ያልዘለለ ቡድን ከሚጣደፈው ቀድሞ ይጨርሳል። የሚጣደፈው ክዳን ይፈልጋል፣ ሞተር ማላቀቅ ይረሳል፣ ሌንሱን አውልቆ አዲሱን ከሣጥን ለማውጣት ይንበረከካል፤ ካሜራው ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አፉን ከፍቶ አቧራ ይጠጣል። አንዳንዴም ጥሩው ውሳኔ ጭራሹን አለመቀየር ነው። ጥምቀት ላይ፣ ሕዝብ ታቦት አጅቦ አቧራው በተነሣበት ሰዓት፣ አንድ ዙም ገጥሞ መዋል የብልህ ምርጫ ነው። “አሁን አልከፍተውም፤ መኪናው ጋ እንሂድ” ለማለት መድፈርም ሙያ ነው። አዘጋጁ ለጊዜው ቢከፋውም፣ ማታ ምስሉን ሲያይ ይገባዋል።

እንግዲህ ልምምዱን ጀምሩ። ሁለት ጓደኛሞች ሁኑ፣ አንድ ካሜራና ሁለት ተራ ሌንሶች ተዋሱ፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ነገር አንጥፉ። መጀመሪያ እጅግ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ድርጊት ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ቀይሩ። ሲለመድ ቃሉን ቀንሱ፤ “ይዘሃል?” እና “ይዣለሁ” ብቻ ይቅሩ። ቀጥሎ በደብረ ብርሃን ብርድ ጣታችሁ እንደሚደነዝዝ አስባችሁ ስስ ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት። ጓንቱ ክር የሚያራግፍ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

ስትጨርሱ ፈትሹ። ሌንሱን ከፎከስ አውጡት፣ አይሪሱን ወደ ኤፍ 16 አጥብቡ፣ ወደ ጥርት ሰማይ ወይም ብርሃን ወደ ወደቀበት ነጭ ወረቀት አዙሩና ካሜራውን በቀስታ እያንቀሳቀሳችሁ አጭር ክሊፕ ቅረጹ። በትልቅ ስክሪን ላይ ተመልከቱት። ከምስሉ ጋር የማይሄድ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ብናኝ ነው። ሌንሱ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያሳርፍ፣ በምስሉ ላይኛ ክፍል የታየች ነጠብጣብ ሴንሰሩ ላይ የምትገኘው በታችኛው ክፍል ነው። በጎማው መንፊያ ሳትነኩት ንፉት፣ ደግማችሁ ቅረጹ። እምቢ ካለች በጣት፣ በሶፍት ወይም በነጠላ ጫፍ አትሞክሩ፤ ሥራው ለሠለጠነ ሰው ይተው። ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ክሊፑን አስቀምጡት። ካሜራውን ስትመልሱ ለባለቤቱ አሳዩት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም የተሻሉትን ሌንሶቹን እንዲያውሳችሁ ጠይቁት።